ዘይት የሚተፋ ሞተር፦ የካርተር ትንፋሽ የመቶ ዓመት ጉዞ

ሞተር ሳይክል ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር የሁላችንም እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ጓርኒሲዮኑ ነው። ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ ፓራኦሊዮ ይቀየራል፣ የካርተሩ ብሎኖች ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ በዚያው ቦታ ወይም ከአጠገቡ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ዘይቱን ማን ገፋው? ዘይት ለራሱ ከተተወ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ በቴስታታው ክዳን ዙሪያ አያልብም። የሚገፋው ከውስጥ የታፈነ ግፊት ነው። ይህ ዳሰሳ የሞተር ሳይክል ሠሪዎች ባለፉት መቶ ዓመታት ያንን ግፊት በምን መንገድ፣ ወዴትስ እንዳስተነፈሱት የሚያይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርተር የምንለው ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን፣ ከፒስተኑ በታች ያለውን ቤት ነው። ስለ ሞተር ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ከፒስተኑ በላይ ስለሚሆነው ነገር ነው፤ ቤንዚኑ የሚቃጠለው እዚያ ነውና። ከፒስተኑ በታችም ግን አየር አለ። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ይጨመቃል፣ በወጣ ቁጥር ይሳሳል። ባለ 500 ሲሲ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ፒስተኑ አንዴ ሲወርድ የካርተሩ ክፍት ቦታ በግማሽ ሊትር ይጠባል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል። አንጥረኛ ወናፉን በዚህ ፍጥነት ቢያናፋው ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይበቃል፤ አፉ ከጠበበ አየሩ ስፌቱን ፈትቶ ይወጣል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ፋሻ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ከላይ ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ካርተር ይወርዳል። ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ የውሃ እንፋሎትና ከዘይት ጋር ሲቀላቀል አሲድና ጭቃ የሚሆን ነገር ይዞ ነው የሚወርደው። የፒስተኑ መውጣት መውረድ ያለውን አየር ያመላልሳል እንጂ አዲስ አይጨምርም፤ ሾልኮ የሚገባው ጋዝ ግን በየዙሩ ይጠራቀማል። ስለዚህ ማንኛውም ፎር ስትሮክ ሞተር መተንፈሻ የግድ ያስፈልገዋል። የዚህ ታሪክ ጉዳይ መተንፈሻው መቼ ይከፈት፣ የሚወጣውስ ነገር የማን ሸክም ይሁን የሚለው ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ስሌት ልጨምር፤ ያለ እርሱ የቀረው ሁሉ ግልጽ አይሆንም። ሁሉም ሞተር እኩል አይተነፍስም። አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር ሙሉ ሲሲውን ያመላልሳል። ሁለት ፒስተኖቹ አብረው የሚወጡ አብረው የሚወርዱ የእንግሊዝ ትዊን ሞተሮችም እንዲሁ። የቢኤምደብሊው ቦክሰር ሁለት ፒስተኖች ወደ ግራና ቀኝ ቢተያዩም፣ አብረው ወደ ውጭ ሄደው አብረው ወደ ውስጥ ስለሚመለሱ እነሱም ሙሉውን ያመላልሳሉ። በ45 ዲግሪ የተከፈተው የሃርሊ ቪ ሞተር 92 በመቶ ገደማ፣ በ90 ዲግሪ የተከፈተው የዱካቲ ቪ 71 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንዱ ሲወጣ ሌላው በሚወርድባቸው ባለ 180 ዲግሪ ትዊን ሞተሮችና በተለመደው በመደዳ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ግን አየሩ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ሥር ይዘዋወራል እንጂ አጠቃላይ መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። የትኛው አገር ሞተር ዘይት ያንጠባጥባል፣ የትኛው ደረቅ ነው የሚለው የቆየ ክርክር ግማሽ መልሱ ያለው እዚህ ስሌት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ችግሩ እንደ ችግር አልተቆጠረም። የዚያን ጊዜ ሞተር ዘይቱን መልሶ አይጠቀምም ነበር። ሞተረኛው እየነዳ፣ ከታንከሩ ጎን ያለችውን የእጅ ፓምፕ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ አንዴ ይጫናል፤ ዘይቱ ካርተር ይገባል፣ የሚዞረው ብረት ይረጨዋል፣ ከዚያ ከፊሉ በፋሻው በኩል ወጥቶ ይቃጠላል፣ ከፊሉ በመተንፈሻው ወጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል። ዘይቱ የሚመለስ ስላልነበረ መውጣቱ ማንንም አላሳሰበም። እንዲያውም አንዳንድ ሠሪዎች የመተንፈሻውን ቱቦ ወደ ካቴናው አዞሩት፤ ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ካቴናው ይቀባል። ይህ ልማድ በእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆይቷል። ለዚያ ዘመን ጥሩ ብልሃት ነበር፤ ትንፋሹ ሥራ አገኘ።

ነገሩ የተለወጠው ዘይት በፓምፕ እየዞረ ወደ ታንከሩ እንዲመለስ ሲደረግ ነው። ከዚያ በኋላ ካርተሩ ዘይቱን ማስቀረት፣ አየሩን ደግሞ መልቀቅ ነበረበት፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቀዳዳ ተደባልቀው ነው የሚወጡት። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1936 ባወጣው ኢኤል፣ ሰዎች ናክልሄድ በሚሉት ሞተር፣ ዘይት የሚያመላልስ ሥርዓት አስገባ። ለመተንፈሻው የመረጠው መፍትሔ ደግሞ ሊታይ የሚገባው የብረት ሥራ ነው። በካም ማርሹ የሚነዳ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ጎኑ ላይ መስኮት የተቆረጠለት ማርሽ ከካርተሩና ከማርሽ ቤቱ መካከል ይዞራል። ሁለቱ ፒስተኖች ሲወርዱ መስኮቱ ከካርተሩ ቀዳዳ ጋር ይገጥምና ትንፋሹ ዘይት ይዞ ወደ ማርሽ ቤቱ ይገባል፤ ሲወጡ መስኮቱ ዞሮ ይዘጋል። የተጨመቀው አየር ዘይቱን ከካርተሩ ጠርጎ ስለሚያወጣ ትንፋሹ የፓምፑን ግማሽ ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ሞተር አውርዶ የገጠመ ሜካኒክ የማርሹን ምልክት በአንድ ጥርስ ካሳሳተ መስኮቱ ያለሰዓቱ ይከፈታል፤ ያ ሞተር አዲስ ጓርኒሲዮን ቢለብስም ዘይት መትፋቱን አይተውም።

ይህ ማርሽ ተከትለው በመጡት የሃርሊ ሞተሮች፣ በፓንሄድ፣ በሾቭልሄድ፣ በ1984 በመጣው ኢቮሉሽንም ላይ ቀጠለ። የስድሳ ዓመት ዕድሜ ለአንድ ቁራጭ ብረት ትልቅ ነው። ያበቃለት በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ በ1993 ሞዴል ትንፋሹ በቴስታታው በኩል ወጥቶ በቀጥታ ወደ አየር ማጣሪያው እንዲገባ ተደረገ። ቀጥሎ በ1999 ሞዴል ትዊን ካም ሲመጣ ማርሹ ጨርሶ ቀረ፤ ቦታውን በቴስታታው ክዳን ሥር የተቀመጠች፣ ግፊት ሲመጣ ጠርዟ ተነሥቶ የሚያሳልፍ፣ ግፊቱ ሲቀር ተመልሳ የምትተኛ ትንሽ የጎማ ክዳን ወሰደች። በጥንቃቄ ተጠርቦ፣ ምልክቱ ተስተካክሎ የሚገጠም ማርሽ በአንዲት ጎማ ተተካ። በትንፋሹ በኩል ጎማዋ ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ የሚያስፈልጋት ዕድሜዋ ሲያልቅ መቀየር ብቻ ነው።

የእንግሊዞቹ ታሪክ ግን የበለጠ ያሳዝነኛል፣ የበለጠም ያስተምራል። ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ለትራየምፍ ያወጣው ስፒድ ትዊን 499 ሲሲ ነበር፤ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ አብረው ይወርዳሉ። ለዚህ አሠራር በቂ ምክንያት ነበረው፦ ሁለቱ ሲሊንደሮች በእኩል ርቀት ስለሚተኩሱ አንድ ካርቡሬተር ለሁለቱም ይበቃል፣ ድምፁም የተስተካከለ ይሆናል። ሞተሩ ተወደደ፤ ቢኤስኤ፣ ኖርተንና ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሄዱ። ዓለም የእንግሊዝ ሞተር ብሎ የሚያውቀው ይህንን ሆነ።

ትራየምፍ መተንፈሻውን በካምሻፍቱ ጫፍ ላይ አደረገው። የካምሻፍቱ ጫፍ ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ዲስክ ያዞራል፤ ዲስኳ በሰዓቷ ትከፍታለች፣ በሰዓቷ ትዘጋለች፤ ትንፋሹ በቀጭን ቱቦ ይወጣል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በመንገድ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ተነሡበት። የመጀመሪያው መጠን ነው፦ ሞተሩ ከ499 ሲሲ ወደ 649 ሲሲ አደገ፣ ዙሩም ጨመረ፣ የሚመላለሰው አየር በሲሲው ብቻ 30 በመቶ በዛ፤ የመውጫው መንገድ ግን ጠባብ እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። አየር ክብደት አለው፤ ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ በትክክል የሚገጥም የመክፈቻ ሰዓት በ6,000 ዙር ላይ አይገጥምም፤ በማርሽ ወይም በካምሻፍት የሚነዳ መዝጊያ ደግሞ ሰዓቱን ማስተካከል አይችልም። በራሱ ግፊት የሚከፈት ቀላል ምላስ ግን አየሩ ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲመለስ ይዘጋል፤ ሰዓቱን የሚነግረው አየሩ ራሱ ነው። ረቂቁ መዝጊያ በቀላሉ የተሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ትራየምፍ ራሱ በመጨረሻ ነገሩ ገባው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ በ650ዎቹ ላይ ዲስኳን አስወገደ። በካርተሩና በፍሪሲዮኑ ካቴና ቤት መካከል የነበረውን ፓራኦሊዮ አነሣ፤ በግድግዳው ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች በሳ፤ ከካቴናው ቤት ጀርባ ደግሞ ሰፊ ቱቦ አወጣ። ካርተሩ አሁን ወደ ጎረቤቱ ክፍል ይተነፍሳል። ያ ክፍል ሰፊ ስለሆነ ግፊቱ እዚያ ይረጋል፤ ጭጋግ የሆነው ዘይት ግድግዳው ላይ ተይዞ ይወርዳል፤ ካቴናው ይቀባል፤ የተረፈው በቀዳዳዎቹ ወደ ካርተር ይመለሳል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው በአብዛኛው አየር ነው። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ቁራጭ ተቀነሰ እንጂ አልተጨመረም። እኔ በእንግሊዝ የሞተር ሳይክል ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው መላዎች አንዱ ይህ ነው። የመጣው ግን ከስፒድ ትዊን 33 ዓመት በኋላ፣ ገበያው ወደ ጃፓን ከሄደ በኋላ ነው። በ1973 የትራየምፍ የሜሪደን ፋብሪካ ሠራተኞች እንዳይዘጋ ብለው ግቢውን ያዙ፤ በ1983 ፋብሪካው ተዘጋ።

እንግሊዞች ሌላም ጣጣ ነበረባቸው። ዘይታቸው በተለየ ታንከር ውስጥ ስለሚቀመጥ ሞተሩ ለሳምንታት ከቆመ ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ካርተር ይወርዳል። ባለቤቱ ይህን ሳያይ ሲያስነሳ ካርተሩ በዘይት ተሞልቷል፤ ለአየር የቀረው ቦታ ጥቂት ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ ያንን ጥቂት አየር አብዝቶ ይጨምቀዋል፤ ዘይቱ በመተንፈሻው ተግተልትሎ ይወጣል። ከመነሳቱ በፊት የካርተሩን ማፍሰሻ ፈትቶ ማየት ለዚህ መድኃኒቱ ነበር፤ ዛሬም ነው።

ስለ ጃፓኖቹ የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው፦ ካርተራቸውን ከላይና ከታች አድርገው ስለከፈሉ፣ በጥራት ስለጠረቡ አላንጠባጠበም ይባላል። እውነት አለበት፤ እንግሊዞች ካርተሩን ግራና ቀኝ ስለሚከፍሉት መጋጠሚያው በዘይቱ መካከል ያልፍ ነበር። ነገር ግን በ1960 የመጣው የሆንዳ ሲቢ72 ክራንክ 180 ዲግሪ እንደነበርም መታወስ አለበት፤ አንዱ ፒስተን ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ ካርተሩም ብዙ የሚያስተነፍሰው ነገር የለውም። በ1969 የመጣው ባለ አራት ሲሊንደሩ ሲቢ750ም እንዲሁ፦ ሁለቱ ሲወርዱ ሁለቱ ይወጣሉ። ተቃራኒ ማስረጃ መኖሩን ግን መደበቅ አይገባም። የሆንዳ ድሪም ትዊኖችና የያማሃ ኤክስኤስ650 ፒስተኖቻቸው እንደ እንግሊዞቹ አብረው የሚሄዱ ነበሩ፤ ሆኖም ደረቅ ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የክራንኩ አቀማመጥ ግፊቱን ይወስናል፣ የአጠራረብ ጥራትና የመተንፈሻው ስፋት ደግሞ ግፊቱ ቀዳዳ ማግኘት አለማግኘቱን ይወስናሉ። እንግሊዞች በሁለቱም በኩል ተሸነፉ።

ቢኤምደብሊው ከ1923ቱ አር32 ጀምሮ ቦክሰር ሲሠራ ሙሉ ሲሲውን የማመላለስ ዕዳ ነበረበት። በ1969 በመጣው ተከታታይ ላይ በስፕሪንግ የተያዘች ዲስክ አደረገ፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ስትማታ ትሰማለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲስኳ ሪድ ቫልቭ በሚባለው ስስ የብረት ምላስ ተተካች፣ ድምፁም ጠፋ። ህንድ ውስጥ ከ1955 ጀምሮ በማድራስ የተሠራው የሮያል ኤንፊልድ ቡሌት ደግሞ ከሁሉም ርካሹን መንገድ መረጠ፦ በቱቦው ጫፍ ላይ የተሰካች፣ ሁለት ከንፈሯ ተገጥሞ የሚዘጋ የጎማ ምንቃር። ግፊት ሲመጣ ከንፈሯ ይከፈታል፣ ሲሳሳ ይዘጋል። ጎማዋ ከደረቀችና ከተሰነጠቀች ቡሌቱ ዘይት ማልቀስ ይጀምራል፤ ስትቀየር ያቆማል።

በዚህ ሁሉ መካከል የካርተር ግፊትን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ አገልጋይ ያየ ሌላ መስመር አለ፤ እርሱም ቱ ስትሮክ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በባዝ ከተማ፣ ካርተሩን ራሱን ፓምፕ አደረገው። ፒስተኑ ሲወጣ ካርተሩ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ ይጨምቀውና ወደ ላይ ይልከዋል። እዚህ ጋ መተንፈሻ የለም፤ ግፊቱ አንድ ጠብታ እንኳ ማምለጥ የለበትም። የምሥራቅ ጀርመኑ ኤምዜድ መሐንዲስ ዋልተር ካደን በ1961 ከ125 ሲሲ 25 የፈረስ ጉልበት ያወጣው ይህንን ግፊት ከማርሚታው ማዕበል ጋር አቀናጅቶ ነው።  ለፎር ስትሮክ የተረፈው ትልቅ ውርስ ሪድ ቫልቭ ነው፤ በቱ ስትሮክ አየር ማስገቢያ ላይ የበሰለው ምላስ ኋላ የፎር ስትሮኩ ትንፋሽ በር ጠባቂ ሆነ።

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የብዙው ሞተር ትንፋሽ መጨረሻው ያው መንገዱ ነበር። ያንን ያስቆመው የካሊፎርኒያ ጭስ ነው። በሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ጭጋግ ከመኪና ጋዝ እንደሚመጣ ሳይንቲስቱ አሪ ሀገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳይቶ ነበር። ጋዙ የሚወጣው በማርሚታ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቀላል የማይባለው ክፍል በካርተር መተንፈሻ እንደሚወጣ ሲታወቅ፣ በ1961 ሞዴል የካሊፎርኒያ መኪኖች ላይ የካርተር ጋዝን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያቃጥል ቫልቭ ገባ። ከብክለት መከላከያዎች ሁሉ ቀድሞ በመኪና ላይ የተገጠመው ይህ ነው። ሞተር ሳይክል እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ጊዜ አገኘ፤ ከዚያ በአሜሪካ ሕግ የካርተር ጋዝን ወደ ውጭ መልቀቅ ተከለከለ። አውሮፓም በኋላ ያንኑ ደነገገ። ቱቦው ከካቴናው ላይ ተነሥቶ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ገባ፤ ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እንዲስብ ተደረገ።

ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋ እንዳለው ግን መካድ አይቻልም። ዘይት ያዘለ ጭጋግ ማጣሪያውን ያረጥባል፣ በማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ ላይ ይጋገራል። በትዊን ካም ሃርሊዎች ላይ የአየር ማጣሪያው በዘይት መራሱ የባለቤቶች ዋነኛ ቅሬታ ነበር። ስለዚህ የቅርቡ ዘመን ሥራ ሁሉ ዘይቱን ከአየሩ በመለየት ላይ ያተኮረ ነው፦ በሞተሩ አናት ላይ ግድግዳ ግድግዳ ያለው ክፍል፣ ከማጣሪያው ሳጥን ሥር ደግሞ የተጠራቀመው የሚፈስበት፣ ጫፉ የተደፈነ አጭር ቱቦ። ያቺን ቱቦ ብዙ ባለቤት ምን እንደሆነች ሳያውቅ ነው ሞተሩን የሚሸጠው።

የፍጥነት ሞተሮች ደግሞ ነገሩን ሌላ ደረጃ አደረሱት። በመደዳ ባለ አራት ሲሊንደር ላይ አጠቃላይ መጠኑ ባይለወጥም፣ አየሩ ከአንዱ ሲሊንደር ሥር ወደ ጎረቤቱ ሲጋፋ ጉልበት ይበላል። ሱዙኪ በ2000ዎቹ በጂኤስኤክስ-አር ሞተሮቹ ላይ በሲሊንደሮቹ ግርጌ መካከል መተላለፊያ ቀዳዳ የከፈተው ለዚህ ነው። ዱካቲ በ2012 በ1199 ፓኒጋሌ ላይ ከእሽቅድምድም ሞተሮቹ የወሰደውን አደረገ፦ ከካርተሩ አየር የሚመጥ ፓምፕ። የዚያ ሞተር ፒስተን 112 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ፒስተን ሲወርድ ከሥሩ የሚጠብቀው አየር በሳሳ ቁጥር የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል፣ ፋሻውም ይበልጥ ቦታውን ይይዛል። መጠን ግን አለው፤ አየሩ ከልክ በላይ ከሳሳ የዘይቱ ጭጋግም አብሮ ይሄድና የፒስተኑ ስፒናታ ቅባት ያጣል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚሄደው ሞተር ሳይክል በአብዛኛው ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ባጃጁም እንዲሁ። ሲሲው ትንሽ ቢሆንም ሙሉውን የሚያመላልስ ዓይነት ነው። ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ የማየው አንድ አሠራር አለ፦ የአየር ማጣሪያው በዘይት ሲርስ የመተንፈሻው ቱቦ ከሳጥኑ ይነቀልና ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይተዋል። ሳጥኑ ላይ የቀረው ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ሞተሩ ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ይስባል፤ በገጠር መንገድ ላይ ይህ ፋሻንና ሲሊንደርን በአጭር ጊዜ ይበላል። የተንጠለጠለው ቱቦም መዝጊያ ከሌለው ፒስተኑ በወጣ ቁጥር ወደ ውስጥ ይስባል፤ በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ጎርፍ ስናቋርጥ ውሃውን። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በአዲስ አበባ ብርድ ማለዳ አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ሾልኮ የገባው የውሃ እንፋሎት ካርተሩ ውስጥ ይቀራል። ለዚህኛው ዘይት ቶሎ መቀየርና አልፎ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ መንዳት ይበቃዋል።

ግፊቱን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ግልጽ ቱቦ ተገዝቶ መካከሉ ቁልቁል እንዲታጠፍ፣ ሁለቱ ጫፎች ሽቅብ እንዲቆሙ ተደርጎ በጣውላ ላይ ይታሰራል፤ እስከ ግማሹ ውሃ ይሞላል። አንዱ ጫፍ በጎማ ውታፍ በዘይት መሙያው አፍ ላይ ይገጠማል፣ ሌላው ክፍት ይሆናል። የሞተሩ መተንፈሻ ቦታው ላይ እንዳለ ሞተሩ በሚኒሞ ይነሳል። ውሃው ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ በጣት ትንሽ ሲጨበጥ ይረጋል። ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ውሃው ወደ ሞተሩ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል፤ ውስጡ ሳስቷል ማለት ነው። በክፍቱ በኩል ከፍ ካለ ግን ካርተሩ ታፍኗል። በሁለቱ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ከአየር ግፊት አንድ መቶኛ ገደማ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ዘይትን በፓራኦሊዮ ከንፈር ለማስወጣት ግን ፋታ የሌለው ትንሽ ግፊት ይበቃል። ከዚያ የመተንፈሻው ቱቦ ከሞተሩ ላይ ይነቀላል። ውሃው ከወረደ ችግሩ የተደፈነ ቱቦ ወይም የደረቀ ቫልቭ ነው። ካልወረደ ፋሻው አልቋል፤ ኮምፕሬሽን ይለካ። ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ቱቦው ረጅም፣ ልኬቱ አጭር ይሁን።

ለሞተር ባለቤቶችና ለሜካኒኮች የምለው ይህን ነው። ሞተሩ ዘይት ሲያልብ ጓርኒሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት የመተንፈሻውን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉና ንፉበት። ጭቃ ካለበት ይታጠብ፣ ከታጠፈ ይቃና፣ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ቫልቭ ካለው በአንድ በኩል ሲነፋ ማሳለፍ፣ በሌላው በኩል መዝጋት አለበት፤ በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ሞቷል። ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ነቅላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ መልሱት፤ የሳጥኑን የታች ቱቦም በየዘይት ቅያሪው አፍስሱ። ዘይቱ ከዚህም በኋላ ካልቆመ ያኔ ጓርኒሲዮኑን ቀይሩ።